ተሳቢ ጎትቶ ደንገጎን መውጣትና መውረድ፦ የኦቨርድራይቭ ረዳት ካምቢዮ አመራረጥ፣ አገጣጠምና አጠቃቀም

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ግን መንገዱ ቀስ እያለ አይወጣም። አብዛኛውን ከፍታ ደንገጎ ላይ፣ በጠመዝማዛው፣ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ አዴሌ፣ ሐረማያና አወዳይ ሜዳና ጉብታ እያፈራረቁ ሐረር ያደርሱሃል።

በዚህ መንገድ ተሳቢ የጎተተ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ሲሚንቶ ጭነህ ዳገቱን ትጀምራለህ። 4ኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ ዙሩ ጣሪያ ነክቷል። 5ኛ ስታስገባ ይታነቅና ፍጥነቱ ይሞታል። ተመልሰህ 4ኛ ትገባለህ። የምትፈልገው ማርሽ በሁለቱ መሃል ነው፣ እሱ ደግሞ መኪናህ ላይ የለም። በሌላ ቀን ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ደወሌ ትሄዳለህ። እዚያ መንገዱ ተዘርግቷል። የመጨረሻው ማርሽ ላይ ሆነህም ሞተሩ ሲያጓራና ናፍጣ ሲጠጣ ይውላል።

ኦቨርድራይቭ ያለው ረዳት ካምቢዮ ሁለቱንም ችግር ያቃልላል። ግን ከወዲሁ ልንግባባ። ይህ ዕቃ የሞተርህን አቅም አይጨምርም። ሞተሩ ጥሩ በሚሠራበት ዙር ላይ እንድታቆየው ተጨማሪ ማርሽ ይሰጥሃል፣ በቃ። ጉልበት ጨመረልኝ ብሎ የሚነዳ ሰው ዳገት ላይ ሞተሩን ያቃጥላል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል።

ዕቃው ምን ይሠራል?

ረዳት ካምቢዮ ከዋናው ካምቢዮ ጀርባ፣ ከዲፈረንሻሉ በፊት የሚገባ ሁለተኛ ካምቢዮ ነው። ቀላሉ ዓይነት ሁለት ቦታ ብቻ አለው። አንዱ ቀጥታ ነው፤ የገባው ዙር እንዳለ ይወጣል። ሌላው ኦቨርድራይቭ ነው፤ የሚወጣው ዙር ከገባው ይበልጣል። በስፋት የሚታወቀው ቁጥር 0.78 አካባቢ ነው። 78 ዙር ሲገባበት 100 ዙር ይወጣል ማለት ነው። በዚያው የመኪና ፍጥነት የሞተሩ ዙር በ22 በመቶ ይወርዳል። ወደ ጎማ የሚደርሰው ጉልበትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ይቺን ሁለተኛዋን ነገር ብዙ ሰው ይረሳታል።

በአሠራር ሁለት ዓይነት አለ። የመጀመሪያው በቀድሞ የአሜሪካ ከባድ መኪኖች ላይ የነበረው ነው፤ ብራውን ላይፕና ስፓይሰር የታወቁ ስሞች ናቸው። በራሱ ዱላ የሚሠራ፣ በጥርስ የሚገጥም፣ የራሱ ዜሮ (ማርሽ ያልገባበት ቦታ) ያለው ካምቢዮ ነው። ሹፌሩ ሁለት ዱላ ይይዛል። ሁለተኛው በዘይት ግፊት የሚሠራ፣ በአዝራር የሚገባ ነው። መነሻው እንግሊዝ አገር ነው፤ ሌይኮክ ደ ኖርማንቪል የተባለው ኦቨርድራይቭ እ.ኤ.አ. በ1948 በመኪና ላይ መገጠም ጀመረ። ዛሬ ጊር ቬንደርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዚያው አሠራር የሚሠራ ዕቃ ለፒክአፕና ለቀላል የጭነት መኪና ያቀርባል። የትኛው ዓይነት እጅህ ላይ እንዳለ ለይተህ እወቅ። ዜሮ ላይና የኋላ ማርሽ ላይ ያለው ጥንቃቄ እንደ ዓይነቱ ይለያያል።

መጀመሪያ መኪናህ ላይ መኖሩን እይ

አገራችን ላይ የሚሠሩ ብዙ ጎታቾች ይህን ነገር በዋናው ካምቢዮ ውስጥ ይዘውት ይመጣሉ። የማርሽ ዱላው ራስ ላይ እያንዳንዱን ማርሽ ለሁለት የምትከፍል ትንሽ ማብሪያ ካለች፣ ሌላ ረዳት ካምቢዮ አያስፈልግህም። ዜድኤፍ 16 ማርሽ ካምቢዮን ውሰድ። በሁለት ዓይነት ተሠርቷል። የአንዱ የመጨረሻ ማርሽ 1 ለ 1 ነው። የሌላው 0.84 አካባቢ ነው፣ ማለትም ኦቨርድራይቭ አለው። ካምቢዮው ጎን ላይ ያለችውን የብረት ሰሌዳ ጠርገህ አንብብ። በእጅህ ያለውን ዕቃ ሁለተኛ አትግዛው።

ረዳት ካምቢዮ የሚያዋጣው 5 ወይም 6 ማርሽ ብቻ ላለው መካከለኛ የጭነት መኪና ነው። ዲፈረንሻሉ ለዳገት ተብሎ ከባድ የሆነ፣ ሜዳ ላይ የሚጮህ መኪና ማለቴ ነው። ከዚህ በታች ያለው የአነዳድ ምክር ግን ሁለቱንም ይመለከታል።

ከመግዛትህ በፊት ሒሳቡን ሥራ

ወረቀትና እርሳስ ያዝ። የዋናው ካምቢዮህን ቁጥሮች ከመኪናው መጽሐፍ አውጣ። ለምሳሌ 4ኛው 1.6 (ሞተሩ 1.6 ጊዜ ሲዞር ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ሻፍት 1 ጊዜ ይዞራል)፣ 5ኛው 1.0 ይሁን። 4ኛ ላይ በደቂቃ 2,200 ዙር ደርሰህ 5ኛ ስታስገባ ሞተሩ ወደ 1,375 ዙር ይወድቃል። ዳገት ላይ የሚያንቀው ይህ ነው። አሁን 0.78 ኦቨርድራይቭ ጨምርበት። 4ኛ ቀጥታ 1.6፣ 4ኛ ኦቨር 1.25፣ 5ኛ ቀጥታ 1.0፣ 5ኛ ኦቨር 0.78 ይሆናል። ከ4ኛ ቀጥታ ወደ 4ኛ ኦቨር ስትገባ ሞተሩ 1,716 ዙር ላይ ያርፋል። መሃል ላይ የጎደለህ ማርሽ ተገኘ።

ቀጥሎ ሜዳው። የጎማህን ዙሪያ ለካ፤ 3.3 ሜትር ነው እንበል። የዲፈረንሻልህ ቁጥር 5.5 ይሁን። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ጎማው በደቂቃ 404 ጊዜ ይዞራል። በ5.5 አባዛው፣ ሻፍቱ 2,222 ይሆናል። 5ኛ ቀጥታ ላይ ሞተሩም ያንኑ ያህል ይዞራል። ኦቨር ስታስገባ 1,733 ይሆናል። ይህ ጆሮንም ናፍጣንም ያሳርፋል። በ60 ኪሎ ሜትር ግን ቀጥታው 1,667፣ ኦቨሩ 1,300 ነው። ሞተርህ በ1,300 ዙር ሙሉ ጭነት መጎተት የማይወድ ከሆነ፣ በ60 ኦቨር ማስገባት ስህተት ነው። ይህን የራስህን ቁጥር በትንሽ ካርቶን ጽፈህ ዳሽቦርድ ላይ ለጥፈው። ከማንም ምክር ይበልጥ እሱ ይጠቅምሃል።

ሦስተኛው ሒሳብ ሻጭ የማይነግርህ ነው። ረዳት ካምቢዮው የሚቀመጠው ከዋናው ካምቢዮ በኋላ ነው። ስለዚህ የሚደርሰው ጉልበት የሞተሩ ብቻ አይደለም፣ በማርሹ የተባዛው ነው። 500 ኒውተን ሜትር ያለው ሞተር 1ኛ ማርሹ 6 ከሆነ፣ ወደ 3,000 ኒውተን ሜትር ይልክበታል። ለፒክአፕ የተሠራ ዕቃ በዚህ ጉልበት ይፈርሳል። ዕቃው የሚችለው ጉልበትና የሚፈቅደው ጠቅላላ ክብደት በጽሑፍ ካልተሰጠህ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተወው።

ሲገጠም መታየት ያለበት

ገጠማውን ራስህ ባትሠራውም ቆመህ እይ። ጋራዥ ውስጥ የምትጠይቀው ጥያቄ መንገድ ላይ ያድንሃል።

ሻፍቱ ያጥራል። ስለዚህ ተቆርጦ፣ ተበይዶ፣ ሚዛኑ በማሽን መስተካከል አለበት። ኦቨር ላይ ሻፍቱ ከሞተሩ ይፈጥናል። ዋናው ካምቢዮ 1 ለ 1 ላይ ሆኖ ሞተሩ 2,200 ሲዞር ሻፍቱ 2,800 አልፎ ይዞራል። በቀድሞው ዙር ዝም ያለ ሻፍት በአዲሱ ዙር ሊንቀጠቀጥ ይችላል። በዓይን ልክ ቀጥ አድርጌ በይጄዋለሁ የሚል ሰው ካጋጠመህ ሌላ ፈልግ።

የሻፍቱ አቀማመጥም አለ። የረዳት ካምቢዮው መውጫና የዲፈረንሻሉ መግቢያ ማዘንበላቸው እኩል መሆን አለበት፤ ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ስልክህ ላይ ያለውን የውሃ ልክ ከፍተህ ስልኩን መጀመሪያ አንዱ ላይ፣ ቀጥሎ ሌላው ላይ አስጠግተህ አንብብ። መኪናው ጭነት ይዞም ለካው፤ ባሌስትራው ሲጫን አቀማመጡ ይቀየራል። ማዘንበሉ ካልተመጣጠነ ክሮቼራው (የሻፍቱ መስቀለኛ መጋጠሚያ) ይበላል። ምልክቱ ቀላል ነው። ከመኪናው ሥር ገብተህ የክሮቼራውን ቆብ ጠርዝ ስታይ፣ በርበሬ የመሰለ ቀይ ደቃቅ ዝገት ወጥቶ ታገኛለህ። ግራሶው አልቆ ብረት ብረትን እየፈጨ ነው።

ረዳት ካምቢዮው በዋናው ካምቢዮ ጭራ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም። ከራሱ ክብደት ጋር የሚመጣጠን፣ ከሻሲው ጋር የታሰረ ደገፋ በጎማ ትራስ ይሠራለት። አለዚያ የካምቢዮው ቤት ይሰነጠቃል።

አሁን እጅግ አጥብቄ የምለውን ስማኝ። በብዙ መካከለኛ የጭነት መኪኖች የእጅ ፍሬኑ ያለው ከዋናው ካምቢዮ ጀርባ፣ ሻፍቱ ላይ ነው። ረዳት ካምቢዮው ከእጅ ፍሬኑ በኋላ ከገባና የራሱ ዜሮ ካለው፣ ዜሮ ላይ በቀረ ቁጥር የእጅ ፍሬኑ ጎማውን አይዝም። ዱላው ተስቧል፣ ማርሽ ገብቷል፣ መኪናው ግን ይሄዳል። መካኒኩን የእጅ ፍሬኑ ከረዳት ካምቢዮው በፊት ነው ወይስ በኋላ ብለህ ጠይቀው። በፊት ከሆነና ወደ ኋላ ማዛወር ካልተቻለ፣ ባለ ዜሮውን ዓይነት ይህ መኪና ላይ እንዲገጠም አልመክርም።

የፍጥነት መቁጠሪያው ሽቦ ከዋናው ካምቢዮ ጭራ የሚነሳ ከሆነ፣ ኦቨር ላይ ውሸት ይናገራል። 80 ሲልህ በእውነት ከ100 በላይ እየሄድክ ነው። የፍጥነት መገደቢያውም ምልክቱን ከዚያው ቦታ የሚወስድ ከሆነ አብሮ ይሳሳታል። መቁጠሪያው ከረዳት ካምቢዮው መውጫ ላይ እንዲያነብ ይደረግ። ስትፈትነው የስልክህን ጂፒኤስ አብርተህ አወዳድር።

የመኪናን አሠራር መለወጥ ፈቃድ ይጠይቃልና፣ ብረት ከመቆረጡ በፊት የትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ አማክር። ለዓመታዊ ምርመራ ስትቀርብ ከመከራከር ይሻላል። የመድን ውልህንም እይ።

ማርሽ አገባብ

ልምምዱን ደንገጎ ላይ አትጀምር። ወደ ሽንሌ አቅጣጫ ያለው ሜዳ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ባዶ መኪና ይዘህ፣ በማለዳ፣ ተሳቢውን ፈትተህ ጀምር።

የአዝራሩ ዓይነት ቀላል ነው። ነዳጅ መስጫውን በትንሹ እንደረገጥክ አዝራሩን ትጫናለህ፣ ዙሩ ሲወርድ ይሰማሃል፣ ገባ ማለት ነው። ከዳሽቦርዱ መብራት ይልቅ ዙር መቁጠሪያውን እመን። መብራቱ በርቶ ዙሩ ካልወረደ የዘይት ግፊቱ አልደረሰም። አውጣውና አስመርምር። እየተንሸራተተ መጎተት ውስጡን ይበላዋል። 1ኛና 2ኛ ላይ ደግሞ ኦቨር አታስገባ። እዚያ የተባዛው ጉልበት ከፍተኛ ነው።

በዋናው ካምቢዮ ውስጥ ያለውና በአየር የሚሠራው ከፋይ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ማብሪያውን ወደምትፈልገው ቦታ ታደርጋለህ። ምንም አይሆንም። ከዚያ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ትረግጣለህ፣ ያን ጊዜ ይገባል። ግማሽ ረግጦ መልቀቅ የዚህ ካምቢዮ ትልቁ ጠላት ነው። አየሩ ገና ሳይሞላ መነሳትም እንደዚያው።

ሁለት ዱላ ያለው ትዕግሥት ይጠይቃል። ከቀጥታ ወደ ኦቨር ለመግባት ፍሪሲዮን ርገጥ፣ የረዳቱን ዱላ ወደ ዜሮ ሳብ፣ ፍሪሲዮን ልቀቅ። ዙሩ እስኪወርድ ጠብቅ። እንደገና ርገጥና ኦቨር አስገባ። ከኦቨር ወደ ቀጥታ ስትመለስ ግን ዜሮ ላይ ሳለህ ነዳጅ ሰጥተህ ዙሩን ከፍ ማድረግ አለብህ። በ0.78 ካምቢዮ ኦቨር ላይ 1,500 ከነበርክ ቀጥታው ላይ ወደ 1,920 ይፈለጋል። ይህን ዙር ጆሮህ እስኪለምደው ደጋግመው። ጥርሱ ሳይጮህ ሲገባ ዱላው በእጅህ ውስጥ ሳይገፋ፣ በራሱ የተሳበ ያህል ይገባል። ያ እስኪሆን ተሳቢ አትግጠም።

አንዳንድ ሽግግር ሁለቱንም ዱላ በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ ይጠይቃል። ከ4ኛ ኦቨር ወደ 5ኛ ቀጥታ እንደመሄድ ያለው። ልምድ ያላቸው ያደርጉታል። ዳገት ላይ ግን ጀማሪ አይሞክረው። ሁለቱም ዜሮ ላይ ከቀሩ ተሳቢው ወደ ኋላ ይጎትትሃል። እዚያ ቦታ ከ4ኛ ኦቨር ወደ 5ኛ አትሂድ፤ ሜዳ እስኪመጣ ጠብቅ።

ዳገቱን ስትወጣ

ቁጥሩን እንየው። መኪናና ተሳቢው ከነጭነቱ 20 ቶን ነው እንበል። መንገዱ በ100 ሜትር 6 ሜትር ይወጣል። ዳገቱ ብቻውን በ1,200 ኪሎ ግራም ኃይል ወደ ኋላ ይስብሃል። የጎማው መንከባለል 200 ያህል ይጨምርበታል። ይህን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ጎማው ላይ ወደ 155 የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። በ20 ኪሎ ሜትር ደግሞ 104 ገደማ ይበቃል። ፍጥነትህን የሚወስነው ሞተሩ ነው። የአንተ ሥራ ሞተሩን አቅሙን በሚሰጥበት ዙር ላይ ማቆየት ነው።

ከፍታውም የራሱን ይወስዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ አቅም ያጣል። ባሕር ዳርቻ ላይ ከነበረው አቅም ድሬዳዋ ላይ ወደ 12 በመቶ፣ ደንገጎ ጫፍ ላይ ወደ 20 በመቶ ቀንሷል ማለት ነው። ታች ከተማ ውስጥ ያስኬደህ ማርሽ፣ ላይ ስትደርስ አያስኬድህም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ረዳቱን ቀጥታ ላይ አድርግ። ዋናውን ደግሞ መጀመሪያው መታጠፊያ ሳይደርስ ወደምትወጣበት ማርሽ አውርደው። ሞተሩ ከታነቀ በኋላ ማርሽ መፈለግ ፍሪሲዮንን ያስለቅሳል። መውጣት ከጀመርክ በኋላ ዙሩ ወደ ላይኛው ጫፍ ከተጠጋና ሞተሩ ትርፍ እንዳለው ከተሰማህ፣ ያኔ ኦቨር አስገባና እይ። ዙሩ ባለበት ከቆመ ትክክለኛው ማርሽ ነው። መውረድ ከቀጠለ ወዲያው ወደ ቀጥታ ተመለስ። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጠህ መኪናው የማይፈጥን ከሆነ ማርሹ ቀሏል (ቁጥሩ ከፍ ያለው ማርሽ ቀላል፣ ዝቅ ያለው ከባድ ይባላል)።

የድሬ ሙቀት ላይ ሌላም ነገር አለ። ብዙ ሹፌር ሞተሩ ሲሞቅ ዙር ለመቀነስ ብሎ ቀላል ማርሽ ያስገባል። ተቃራኒውን አድርግ። የውሃ ፓምፑና ማራገቢያው የሚዞሩት በሞተሩ ዙር ነው። ከባድ ማርሽ አስገብተህ፣ ነዳጁን ቀንሰህ፣ ዙሩን ስትጠብቅ ውሃው በደንብ ይዘዋወራል። መርፌው አሁንም ከወጣ ሰፊ ቦታ ፈልገህ ቁም፣ ሞተሩን ግን ወዲያው አታጥፋው። ምርጫ ካለህ ከፀሐይ በፊት ውጣ።

ከደንገጎ እስከ ሐረር፣ ከዚያም ወደ ደወሌ

ለእኔ የረዳት ካምቢዮ እውነተኛ ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ነው። ከአዴሌ እስከ ሐረማያ መንገዱ ይነሳል፣ ይተኛል። ዋናውን ማርሽ ሳትነካ በቀጥታና በኦቨር መካከል መጫወት ትችላለህ። ጉብታው ሲመጣ ቀጥታ፣ ሜዳው ሲመለስ ኦቨር። እግርህም ፍሪሲዮንህም ያርፋሉ። አወዳይ ሳትደርስ ግን ቀጥታ ግባና ዝቅ በል። ገበያው መንገድ ላይ ይወጣል፣ ጫት የጫነ አይሱዙ ይቸኩላል፣ ባጃጅ ከየት እንደሚወጣ አይታወቅም። በቁልቢ ገብርኤል ሰሞን፣ በተለይ ታኅሣሥ 19 አካባቢ፣ በዚህ መስመር ተሳቢ ይዞ አለመገኘት የተሻለ ነው።

የደወሌው መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኦቨር አስገብተህ የምትቆይበት እሱ ነው። ካርቶንህ ላይ የጻፍከውን ዝቅተኛ ዙር ጠብቅ። ነፋስ ከፊት ሲመጣ ጭነትህ እንደጨመረ ቁጠረው፤ ረጅም ሸራ የለበሰ ተሳቢ ከሆነ በተለይ። ዙሩ ከወሰንከው በታች ከወረደ ቀጥታ ግባ። ሞተሩ ስለቀለለው ብለህ ፍጥነት አትጨምር። ግመል ሲያቋርጥ የሚያቆምህ ፍሬንህ ነው፣ እሱ ደግሞ ኦቨርድራይቭ በመግጠምህ አልተሻሻለም።

ቁልቁለቱን ስትወርድ

ይህን ክፍል ሁለቴ አንብበው።

ሞተር መኪናን የሚይዘው በዙር ነው። ኦቨር ላይ ዙሩ 22 በመቶ ዝቅ ይላል፤ ያለችው ትንሽ መያዣም ወደ ጎማ ስትደርስ በዚያው መጠን ትቀንሳለች። ስለዚህ ተሳቢ ይዘህ በኦቨር ቁልቁለት አትውረድ። ትንሽ ቁልቁለት ነው፣ አጭር ነው የሚለው አይሠራም።

20 ቶን ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ከ800 ሜትር በላይ ከፍታ ይጥላል። የሚወጣው ሙቀት ከ4 ሊትር በላይ ናፍጣ ሲነድ የሚሰጠውን ያህላል። ይህን ሁሉ ሙቀት ሞተሩ ካልተካፈለ የፍሬን ሸራና ታምቡሩ ላይ ይወድቃል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ሸራው ይሸሻል፣ ፔዳሉ ተረግጦም አይዝም።

ጫፍ ላይ፣ መንገዱ ገና ሳያጎነብስ፣ ሰፊ ቦታ ቁም። የአየር ግፊቱ ሞልቷል? የተሳቢው ፍሬን ይይዛል? ቀስ ብለህ ተንቀሳቅሰህ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ ሞክር፤ ሲጎትትህ ሊሰማህ ይገባል። ተሳቢው ካልያዘ መታጠፊያ ላይ ጎታቹን ከኋላ ገፍቶ ያጣጥፈዋል። የሚፈስ ዘይት ወይም አየር ካለ ረዳትህ በየጎማው ዞሮ ይስማ።

ከዚያ ረዳት ካምቢዮውን ቀጥታ አስገባና እስከ ታች ድረስ እንዳትነካው። ባለ ዱላ ከሆነ በደንብ መግባቱን በእጅህ ገፍተህ አረጋግጥ። ዋናውን ማርሽ እዚሁ ምረጥ። ሽማግሌ ሹፌሮች በወጣህበት ማርሽ ውረድ ይላሉ። ለቆየ፣ አቅሙ ለደከመ መኪና ትክክል ነው። ሞተሩ ጠንካራ የሆነ መኪና ግን ዳገቱን በቀላል ማርሽ ስለሚወጣ፣ ከወጣህበት አንድ ዝቅ በል። ሞተር ፍሬን ካለህ አብራው። እሱም በከፍተኛ ዙር ነው የሚጠቅምህ፤ ግን ዙሩ ቀይ መስመር እንዳያልፍ።

ፍሬን አያያዝህ የሚቆራረጥ ይሁን። የወሰንከው ፍጥነት 30 ከሆነ፣ 30 ሲደርስ ጠንከር አድርገህ ርገጥ፣ 22 አካባቢ ሲሆን ሙሉ በሙሉ ልቀቅ። ሞተሩ ይዞህ ቀስ እያለ እንደገና 30 ይደርሳል። ያኔ ድገመው። እግርን ፔዳል ላይ በስሱ አሳርፎ መውረድ ለሸራው እረፍት አይሰጠውም።

ማርሹ አምልጦ ቢወጣ፣ ወይም ረዳቱ በስህተት ዜሮ ላይ ቢቀር፣ ማርሽ ፍለጋ ጊዜ አታጥፋ። መኪናው በየሰከንዱ ይፈጥናል፣ ከፈጠነ በኋላ ከባድ ማርሽ አይገባም። ፍሬኑ ገና ቀዝቃዛ ሳለ አንዴ አጥብቀህ ይዘህ ሙሉ በሙሉ ቁም። ታኮ አስደርግ። ከዚያ በቆመ መኪና ላይ ማርሽ አስገባ። የተቃጠለ ሸራ ከሸተተህ ወይም ጎማ አካባቢ ጭስ ካየህ እንደዚሁ ቁምና በራሱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ። የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ አታፍስ፣ ይሰነጠቃል።

ማቆምና ወደ ኋላ መሄድ

በዘይት ግፊት የሚሠራው ኦቨር ላይ እያለ ወደ ኋላ መሄድ ውስጡ ያለውን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ክፍል ሊሰብረው ይችላል። የኋላ ማርሽ ከማስገባትህ በፊት አዝራሩን አውጣ። ጥሩ ገጣሚ የኋላ ማርሽ ሲገባ ኦቨሩን የሚቆርጥ ስዊች ይሠራልሃል፤ ገጠማው ላይ ይህን ጠይቅ።

ስትቆም ረዳቱ ቀጥታ፣ ዋናው ማርሽ ላይ፣ የእጅ ፍሬን ተስቦ፣ ታኮ በጎታቹም በተሳቢውም ጎማ ሥር። ባለ ዜሮው ዓይነት ከሆነ መኪናውን ትተህ ከመውረድህ በፊት የረዳቱን ዱላ በእጅህ አወዛውዘህ መግባቱን እይ። ጫኝና አውራጅ ተሳቢው ሥር የሚቀመጡት አንተን አምነው ነው።

ዘይትና ክትትል

ረዳት ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው። ዋናው ካምቢዮ ላይ የሚገባው ዘይት ለእሱ ይሆናል ብለህ አትገምት። በዘይት ግፊት የሚሠራው ዓይነት በግጭት የሚይዝ ክፍል ስላለው፣ ያልተፈቀደለት ዘይት እንዲንሸራተት ያደርገዋል። መጽሐፉ የሚለውን ብቻ ጨምር፣ ሁለት ዓይነትም አትቀላቅል። መጠኑንም አታሳልፍ፤ ከልክ በላይ የሞላ ዘይት አረፋ ይሠራል፣ ይግላል፣ በኦሪንግና በሲል በኩል ይወጣል።

ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያውን ጭነት ሐረር አድርሰህ ስትመለስ፣ ወደ ቤት ሳትሄድ ጋራዥ ግባ። የደገፋውን ቡሎኖች በሙሉ እንደገና ይጥበቁ፤ አዲስ ጎማ ትራስ ሲረገጥ ቡሎን ይላላል። የክሮቼራውን ቆቦች እይ። የመጀመሪያውን ዘይት አውጥተህ በንጹሕ ዕቃ ተቀበለው፣ ማግኔት ንከርበት። ደቃቅ ግራጫ ዱቄት ብቻ ከያዘ አዲስ ጥርስ እየተላመደ ነው፣ ቀይረህ ቀጥል። በጣትህ የሚቆጠር የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን ካምቢዮው ይውረድ፣ ተከፍቶ ይታይ፣ እስከዚያ ድረስ ተሳቢ አይገጠም።